በእርሳስ የተጻፈ ልደት

ጡረታ የወጣሁበት ደብዳቤ ላይ የልደት ቀኔ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፦ «ከ56 መጨረሻ እስከ 57 አጋማሽ ባለው ጊዜ። ምንጭ፦ አክስቷ።» ደብዳቤውን የሰጠችኝ የአስተዳደር ልጅ አፍራ ነበር። «እትዬ የሺ፣ ይቅርታ፣ ቀኑን አስተካክለን እንደገና እናትመው?» አለችኝ። «እንዳትነኪው!» አልኳት፤ ጮኼባት መሰለኝ ደነገጠች። ምን ታድርግ፣ አታውቅም። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የምኮራበት እሱ ነው። ግምት መሆኑን ሳይደብቅ የተጻፈ አንድ መስመር።

ያገለገልኩበት ድርጅት የእንጦጦን ደን የሚጠብቅና ችግኝ የሚያፈላ ነበር። ስሙን እተወዋለሁ፤ ዛሬ ስሙም አለቆቹም ተለዋውጠዋል። ቢሮው ከኮተቤ መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ሠራተኛው ግን ተራራው ላይ ነው የሚውለው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ያው በግምት፣ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለታክሲና ለምሳ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ኃይሉ ነበሩ። ግራጫ ጋዋን ይለብሳሉ፤ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ጥቁር እስክሪብቶ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ አይጠፋም። መጀመሪያ ቀን «እርሳሱ ለመቀመር ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አይደለም። ቀለም ለነበረ፣ እርሳስ ለሰማ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የሕይወት ታሪክ ቅጽ ይሞላል። የተናገረው ነገር፣ ሲሆን ካየ ሰው አፍ የወጣ ከሆነ በእስክሪብቶ ይጽፉታል። በወሬ የመጣ ከሆነ በእርሳስ ይጽፉትና አጠገቡ «ይባላል» የምትል ቃል ያስቀምጣሉ።

በጣም የሚጠነቀቁት ለልደት ቀን ነበር። ያን ጊዜ ከተራራው ወርዶ ከሚቀጠረው ሰው የልደት ወረቀት የያዘ አንድም አይገኝም። ጋሽ ኃይሉ ግን «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብለው አይጠይቁም። «ዕድሜ ከጠየቅሽው ወይ ይቀንሳል ወይ ይጨምራል፤ የሆነውን ነገር ጠይቂው» ይሉኝ ነበር። ሰውየውን ከመስኮቱ አጠገብ ያስቀምጡና በማን ወንጌላዊ እንደተወለደ ይጠይቁታል፤ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስና ዮሐንስ ዓመቱን በተራ ስለሚይዙት፣ ዓመተ ምሕረቱን የረሳ እናት ወንጌላዊውን አትረሳም። ቀጥለው ክርስትና የተነሣበትን በዓል ይጠይቁና ወደ ኋላ አርባ ቀን ይቆጥራሉ። ሙስሊሙን «ጾም ላይ ነው ወይስ ዐረፋ ላይ?» ይሉታል። በመጨረሻ «ከማን ትበልጣለህ? ከማን ታንሳለህ?» ይላሉ። ቅጹ ላይ ለልደት ቀን የተተወችው ቦታ የሁለት ጣት ስፋት ናት፤ ጋሽ ኃይሉ እዚያች ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የአንድ መንደር ታሪክ ያሰፍሩባት ነበር።

በሁለተኛ ሳምንቴ ደጀኔ የሚባል ጎረምሳ ለደን ጥበቃ ሊቀጠር መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ዕድሜው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ልጅ ነበር።

«በስንት ዓመተ ምሕረት ነው እናንተ ቤት የሚባለው?» አሉት ጋሽ ኃይሉ።

«በሃምሳዎቹ ነው መሰለኝ። መጀመሪያው ወይም መሀሉ ላይ።»

«ወንጌላዊውስ?»

«ሉቃስ።»

«ስትወለድ ነበርክ?»

ደጀኔ ግራ ገባው። ቆቡን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ስወለድማ… ነበርኩ እንጂ ጌታዬ!»

«መኖሩንስ ነበርክ፤ ግን አላየህም። የነበረና ያየ ሰው ጥራልኝ» አሉት ፊታቸውን ሳይፈቱ።

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ አፌን ይዤ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እስኪወጣልኝ ሳቅሁ። ስመለስ ቅጹ ተሞልቶ፣ ደጀኔ ፈርሞ እየወጣ ነበር። ይህን ሳቅ አስታውሱልኝ፤ ኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ከሃያ ዓመት በኋላ ኮምፒዩተር መጣ። እኔ ጉርድ ሾላ ስድስት ወር የዳታቤዝ ትምህርት ወስጄ የመረጃ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ፤ ጋሽ ኃይሉ ደግሞ በዚያው ሰሞን ጡረታ ወጡ። ሲሰናበቱ ከጆሯቸው ላይ እርሳሷን አንሥተው ሰጡኝ። «ይችን ያዢ። እዚያ ማሽን ውስጥ ቦታ ፈልጊላት» አሉኝ። ሳቅ ብዬ ተቀበልኩና መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

የተገዛልን ፕሮግራም ለልደት ቀን አንድ ሳጥን ነበረው። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ሦስቱም ካልተሞሉ ወደሚቀጥለው አያሳልፍም። መጀመሪያ ጭራሽ ጳጉሜን አያውቅም ነበር፤ ጳጉሜ ላይ የተወለደ ሠራተኛ ለእሱ ገና አልተወለደም። ሻጮቹን እየደወልኩ፣ እየተቆጣሁ አሥራ ሦስተኛውን ወር አስጨመርኩ፤ ጀግና የሆንኩ መሰለኝ። ለማይታወቀው ቀን ግን መላው ቀላል ሆኖ ታየኝ። ቀንና ወሩ ያልታወቀ ሁሉ «መስከረም 1» ይባል አልኩ። ዓመቱ «በሃምሳዎቹ» ከሆነ 50 ይጻፍ አልኩ። ወንጌላዊው፣ በዓሉ፣ «ይባላል»ው፣ ሳጥን የላቸውምና ቀሩ። በሁለት ወር ጨርሱ ተብለን ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን አፈሰስኩ እንጂ አልለቀምኩም።

ውጤቱ ለጊዜው አሣቀን። የሠራተኛው ግማሽ እንቁጣጣሽ ዕለት የተወለደ ሆነ። «ተራራው በሙሉ በአንድ ቀን ነው ያማጠው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ጋሽ ኃይሉ አንድ ቀን ሊጠይቁን ብቅ ሲሉ «እርሳሷስ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ኮምፒዩተር እርሳስ አያውቅም» አልኳቸው። እንደ ትልቅ ዕውቀት ነው የተናገርኩት።

ቀጥሎ ኮሚቴ ተቋቋመና የድሮዎቹ ቅጾች «የተገለበጡ» ተብለው እንዲወገዱ ተወሰነ። ከፈራሚዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ወረቀቱ በኪሎ ተሸጠ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሾላ ገበያ ጥቁር አዝሙድ ገዝቼ ቤቴ ስገባ፣ የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው በእርሳስ የተጻፈች «ይባላል» አየሁ። የጋሽ ኃይሉ እጅ ናት፤ ሺህ ጽሕፈት መሀል አትጠፋኝም። ፈገግ አልኩና አዝሙዱን ገልብጬ ወረቀቱን ጣልኩት። ዛሬ ድረስ የሚከነክነኝ መጣሌ አይደለም፤ ፈገግ ማለቴ ነው።

አሥር ዓመት ያህል በሰላም ሄደ። ፕሮግራሙ በየዓመቱ ስልሳ የሞላቸውን ለይቶ ስም ዝርዝር ያወጣል፤ አስተዳደር የጡረታ ደብዳቤ ይጽፋል፤ እኔም «ማንም መቁጠር አላስፈለገውም» እያልኩ እኩራራለሁ። አንድ ጠዋት ደጀኔ ደብዳቤ ይዞ መስኮቴ ላይ ቆመ። ያ ጎረምሳ አሁን የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ራሱ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«የሺ፣ ይኼ ደብዳቤ የኔ አይደለም» አለኝ።

«ስምህ አለበት እኮ ደጀኔ።»

«ስሙማ የኔ ነው። ዕድሜው ነው የኔ ያልሆነው። እኔ ስልሳ አልሞላኝም።»

ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። መስከረም 1፣ ሃምሳ ዓመተ ምሕረት ይላል። ያቺ መስከረም አንድ የማን እጅ እንደሆነች አውቃለሁ። ግን አፌ «ሃምሳ ይላል» ብቻ አለ።

«እኔ ለኃይሉ የነገርኩት ሌላ ነው። ቅጹን አውጪና እዪው።»

ቅጹ የለም። ቅጹ የሾላ ቅመም ተጠቅልሎበት ካለቀ አሥር ዓመቱ ነው።

ደጀኔ ቅሬታ አቀረበና ኮሚቴ ተሰበሰበ። እዚህ ላይ ስለ ሰውየው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተራራው ላይ ዛፍ የቆረጠ ሰው ሲያዝ ሌላው ጥበቃ ምስክር ይጠየቃል፤ ደጀኔ ከያዘው ግን «ደጀኔ ካለ አለ ነው» ተብሎ ያልቃል። ሌላ ሀብት አልነበረውም፤ ያለው ቃሉ ነው። ኮሚቴው ፊት የቆመው ያን ይዞ ነው።

«ወይዘሮ የሺ፣ ይህ ቀን ከየት የመጣ ነው?» አሉኝ የአስተዳደር ኃላፊው።

ደጀኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ያን ቀን፣ ጎረምሳው ቆቡን እያዛወረ «ነበርኩ እንጂ ጌታዬ» ሲል፣ እኔ ስስቅ፣ ሁሉም መጣብኝ። ሳቁን አስታወስኩት፤ ቅጹ ሲሞላ ግን አልነበርኩም። ቢሆንም አንድ ነገር በእርግጥ አውቃለሁ፤ መስከረም አንድን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ከሕይወት ታሪክ ቅጹ የተገለበጠ ነው» አልኩ።

እነዚህን ቃላት የተናገርኩት ፈርቼ ነው። ለአንድ ሰው ብዬ የአንዱን ቀን ሐሰት ነው ካልኩ የግማሹ ሠራተኛ ቀን ሐሰት ሊሆን ነው፤ ወንበሬም፣ ስሜም፣ ያ የኮራሁበት ዝርዝርም አብሮ ሊሄድ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ዕድሜውን ዝቅ አድርጎ ለማስመዝገብ የሞከረ» ተብሎ ተጻፈ። ደጀኔ አልጮኸም። «ሥራውን ውሰዱት። ዋሾ ነህ ግን አትበሉኝ» አለና ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቢሮው አልመጣም።

በሳምንቱ ኮተቤ ጋሽ ኃይሉ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተበጠሰ የመነጽር ክር ያስራሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እንባዬም መጣ። አልተቆጡኝም። ይልቅ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ደጀኔ ሉቃስ ነው» አሉኝ። «ሃምሳ ማን ነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ማርቆስ።»

«ታዲያ ይህን መቁጠር ማን ከለከለሽ?»

ማንም አልከለከለኝም። ሉቃስ የሚመጣው ሃምሳ አንድ ላይ ነው፤ ከዚያ ሃምሳ አምስት። ጋሽ ኃይሉ ደግሞ አስታወሱ። «ክረምት ነው፤ ቀኑም የሚካኤል ነው። ታናሽ ወንድሜም የሉቃስ ስለሆነ ‘የወንድሜ እኩያ ሳትሆን አትቀርም’ ብዬዋለሁ። ወንድሜ ሃምሳ አምስት ነው። ሚካኤሉን ማን እንደነገረው ግን ጠፋኝ፤ አርጅቻለሁ።» ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ክረምት ውስጥ ሚካኤል በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ አሥራ ሁለት ይውላል። በሁለት ዓመት ስድስት ቀን ማለት ነው። ደጀኔ ሊወለድ የሚችልባቸው ቀኖች በዓለም ላይ ስድስት ብቻ ነበሩ፤ እኔ የሰጠሁት ቀን ከስድስቱ አንዱም አይደለም። ከሥራ ዘመኑ ቢያንስ ወደ ሁለት ዓመት ቀንሼበታለሁ፤ ሃምሳ አምስት ከሆነማ ስድስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ጋሽ ኃይሉ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፉ፤ እኔም ወስጄ ሰጠሁ። «በቃል ምስክርነት የኮምፒዩተር መረጃ አይሻርም» የሚል መልስ መጣ። በዚያ ላይ ‘ቀኑን የሞላሁት እኔ ነኝ’ የሚል የራሴን ደብዳቤ ብጨምርበት ምናልባት ይሻር ነበር። አልጨመርኩም። የሥራ ዘመኔ ትልቁ ውድቀት ይኸው ነው፤ መስከረም አንድን መጻፌ ስሕተት ነበር፣ ያን ደብዳቤ አለመጻፌ ግን በደል ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ተቀየሩና ፕሮግራሙን በራሳችን ሰዎች እንድናሠራ ተፈቀደ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፦ «የልደት ቀኑን ክፍል እኔ ልንደፈው።» አብራኝ እንድትሠራ የተቀጠረችው ሰሚራ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው ሾላ ሱቅ የከፈቱ፣ እጇ ፈጣን፣ አፏ ከእጇ የሚፈጥን ልጅ ናት።

«እትዬ የሺ፣ ይኼ ኢዚ ነው። ቀኑ ካልታወቀ ባዶ እንተወዋለን፤ ፊኒሽ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

«ባዶ ማለት ምን ማለት ነው? ሰውየውን አልጠየቅነውም ነው ወይስ ጠይቀነው አላወቀም ነው?»

እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። ሰሚራ መጻፍ ስታቆም ነገር ገብቷታል ማለት ነው።

«አባትሽ መቼ ነው የተወለዱት?» አልኳት።

«ረመዳን ላይ ነው ይላሉ። ዓመቱን እንጃ… ከአጎቴ በሁለት ዓመት ይበልጣሉ። ማሻ አላህ፣ ይሄን የቱ ሳጥን ውስጥ ልከተው?»

«እሱን ሳጥን ነው የምንሠራው» አልኳት።

ሠራነውም። አንዱን ሳጥን ጥለን አራት አደረግነው። አንደኛው፣ ሰውየው ሊወለድ የሚችልበት የመጀመሪያው ቀን። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው ቀን። ሦስተኛው የሚታወቀው ቁራጭ ሁሉ የሚገባበት ነው፤ ዓመቱ ጠፍቶ ቀኑ ብቻ ቢታወቅ፣ ወሩ ጠፍቶ ወንጌላዊው ቢታወቅ፣ ረመዳን ቢሆን፣ ከወንድም መብለጥ ቢሆን ይቀበላል። ከዚያ ራሱ እያሰላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ያጠብባል። ሃምሳ ዓመተ ምሕረት ጽፎ ሉቃስ የሚል ሰው ቢመጣ ቀይ ያበራና «ሃምሳ ማርቆስ ነው፤ እንደገና ይጠይቁ» ይላል። ያን ቀይ መብራት መጀመሪያ ሲበራ ሳየው መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አራተኛው ሳጥን «ማን ነገረን?» የሚለው ነው፤ እሱ ሳይሞላ አያሳልፍም።

መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ሰሚራ የተጠቀመችበት የተዘጋጀ መሣሪያ ሁሉንም ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነበር የሚያስቀምጠው። ዓመት ብቻ የሚታወቅ ሰው ሃምሳ አምስት ብለን አስገባነው፤ መልሰን ስናወጣው «ታኅሣሥ 23» ሆኖ መጣ። ሰሚራ ተገርማ ታየዋለች። እኔ ወዲያው ገባኝ፤ ማሽኑ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ሞልቶበት ነው። የራሴ ኃጢአት ኮትና ክራባት አድርጎ መጣብኝ። ያን መሣሪያ ጥለን የራሳችንን እስክንጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ትልቁ ክርክር ስለ መልሱ ነበር። «ይህ ሰው ስልሳ ሞልቶታል?» ተብሎ ሲጠየቅ የድሮው ፕሮግራም አዎ ወይም አይደለም ብቻ ነበር የሚለው። የእኛ ሦስተኛ መልስ አለው፦ «አልታወቀም።» የመጀመሪያው ቀን ስልሳ ካደረሰው፣ የመጨረሻው ካላደረሰው፣ ጉዳዩን ለሰው ያስተላልፋል፤ ባለጉዳዩ ተጠርቶ ሳይጠየቅ ደብዳቤ አይወጣም። ሥራ አስኪያጁ ሲያዩት ተቆጡ።

«ኮምፒዩተር እንዴት ‘አልታወቀም’ ይላል? ለዚህማ ሰው አይበቃም ነበር?»

«ካላወቀ ምን ይበል ጌታዬ? ይዋሽ?»

ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዚያ ፈረሙ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰው ናቸው።

ሥራው ሲያልቅ ጋሽ ኃይሉን በታክሲ አመጣኋቸው። ሰሚራ ወንበር ሳበችላቸው፤ እኔ አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ላጲሱ የት ነው?»

«ላጲስ የለውም ጋሼ። የተሳሳተው ቀንም ቢሆን አይጠፋም፤ ከሥር ይቀመጣል፤ ማን እንደጻፈውና ማን እንዳረመው አብሮ ይታያል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ እየፋቅሁ ነበር የማርመው። ይኼስ ከኔ በለጠ» አሉ። ሽልማትም የምስክር ወረቀትም አግኝቼ አውቃለሁ፤ ከዚች የሚወዳደር ግን የለም። በዓመቱ ዐረፉ፤ እርሳሳቸው ዛሬም እኔ ዘንድ ናት።

ከዚያ በኋላ ሥራችንን ሊያይ የመጣ ብዙ ነው። ክሊኒክም መጣ፣ የሰፈር ዕድርም መጣ። በአዲሱ ፕሮግራም ያለ ዕድሜው የተሸኘ አንድም ሠራተኛ የለም፤ ይህን በእስክሪብቶ እጽፈዋለሁ፤ እዚያው ነበርኩና። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። የወጡ ሠራተኞች መዝገብ ዝግ ነው፤ ለማረም የሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰበቤ እሱ ነበር። እውነቱ ግን ያን መዝገብ ከከፈትኩ ከሥሩ የሚወጣው ስም የኔ መሆኑን ማወቄ ነው።

ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ፈቃዱን ጠይቄ አገኘሁ። ሰሚራ አጠገቤ ቆማ የደጀኔን መዝገብ ከፈትኩት። ሞልቼ ስጨርስ አየችውና «እትዬ የሺ፣ ሲሪየስሊ? ስምሽን ታስገቢያለሽ?» አለችኝ። «አስገባለሁ» አልኳት። አተምኩትና ማህተም አስመታሁበት። በማግስቱ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ ላይ ሚኒባስ ይዤ፣ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ። ጉልበቴ ለጡረታ መድረሱን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ደጀኔ ደጃፉ ላይ ጽድና ኮሶ በላስቲክ አፍልቶ ውኃ ያጠጣል። ሲያየኝ ጆኩን አስቀመጠ። ባለቤቱ በላይነሽ በር ላይ ብቅ አለች። ተቀመጪ አሉኝ፤ ቆሜ ይሻለኛል አልኩ።

«ደጀኔ፣ ያን ጊዜ ኮሚቴው ሲጠይቀኝ እውነቱን አልነገርኳቸውም። መስከረም አንድን የሞላሁት እኔ ነኝ። ከቅጽህ ላይ አልነበረም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ዓይንሽን አይቼው ነበር። ምን ይዘሽ መጣሽ?»

«ላንብብልህ?»

«አንብቢው። ጮክ በይ፣ በላይነሽም ትስማ።»

አነበብኩ፦ «ደጀኔ። ዓመት፦ 51 ወይም 55፤ ይበልጥ የሚታመነው 55። ወንጌላዊ፦ ሉቃስ። ቀን፦ ሚካኤል፣ በክረምት፤ ይባላል። ምንጭ፦ እሱ ራሱ እና የቀድሞው መዝገብ ቤት ኃላፊ። ቀድሞ ተመዝግቦ የነበረው መስከረም 1 ቀን 50 ከቅጹ ያልተገኘ፣ በመረጃ ክፍል ኃላፊዋ በየሺ የተሞላ ሐሰተኛ ቀን ነው። ባለጉዳዩ የተናገረው ትክክል ነበር።»

በላይነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። «እሰይ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለች። የሄዱት ዓመታት እንደማይመለሱ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ማንም አላነሣቸውም። ደጀኔ ወረቀቱን ተቀብሎኝ በዓይኑ እየተከተለ አንድ ጊዜ አየውና አንድ ቃል ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺ ‘ይባላል’ ምንድን ናት?»

«ሚካኤሉንና ክረምቱን ማን እንደነገረህ ጋሽ ኃይሉ ረስተውት ነበር። እኔም አላውቅም።»

«እንዴት ታውቂ! አንቺ ስትስቂ ወጣሻ» አለኝ፤ ፊቱ ግን ፈካ ብሏል። «የነበረና ያየ ሰው ጥራ ሲለኝ ነገርኩት እኮ። እርሳሱን ወደ ጆሮው መልሶ በቀለም ነው የጻፈው፤ ቆሜ አይቼዋለሁ።»

«ማንን ጠራህለት?»

«እናቴን ነዋ። እሷ ነበረች።»

ከቦርሳዬ ጥቁሩን እስክሪብቶ አወጣሁ። ወረቀቱን መልሼ ተቀብዬ ተቀመጥኩና ጉልበቴ ላይ አድርጌ «ይባላል»ን አንድ መስመር ሰረዝኩባት፤ ከሥሯ ትታይ ብዬ አላጠፋኋትም። ከጎኗ እንደ ጋሽ ኃይሉ በደቃቅ ጽሕፈት «እናቱ፤ ነበረች» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።